ሲሮጡ የታጠቁት

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፏል። ከሰሚት ወደ ጎሮ በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት የኤሌክትሪክ መኪና ቆማለች። ስክሪኗ ጠፍቷል፣ ማርሿ አይገባም፣ የእጅ ፍሬኗም አልለቅ ብሏል። ባለቤቱ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ወጣት ነው። መኪናዋን የገዛት ገሚሱን ከባንክ፣ ገሚሱን ከእህቱ ተበድሮ ሲሆን ዕዳውን የሚከፍለው ሰው በማመላለስ ነው። አንድ ሳምንት ጋራዥ ብትተኛ የወሩ ክፍያ ይጎድላል። አንድ ወር ብትተኛ ምን እንደሚሆን ማሰብ አልፈለገም።

ለመርዳት የቆመ ሰው አልጠፋም። ይህ የአዲስ አበባ ሰው ደግ ጠባይ ነው፤ የቆመ መኪና ሲያይ ጥሎ ማለፍ ይከብደዋል። አንዱ ፒካፑን አስጠጋ፣ ሌላው የናይለን ገመድ አወጣ፣ ሦስተኛው አስፋልቱ ላይ በጀርባው ተኝቶ የሚታሰርበት ብረት ፈለገ። እጁ የገባለት የፊት ጎማውን የሚይዘው ብራቾ ነው። ገመዱን ሁለት ዙር ጠምጥሞ ቋጠረና "ሳበው!" አለ።

ፒካፑ ሳይነቃነቅ ወጣቱ የደወለላቸው የጎታች መኪና ሹፌር ደረሱ። ስልሳ ዓመት የሚጠጋቸው፣ ግማሽ ዕድሜያቸውን በጅቡቲ መስመር መኪና ሲጭኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ባትሪያቸውን አብርተው ከሥር አዩና ቀና አሉ።

"ልጄ፣ ይህን ገመድ አስፈታው።"

"ጋሼ፣ እስከ ጋራዡ ሁለት ኪሎ ሜትር ብቻ እኮ ነው።"

"ሁለት መቶ ሜትርም ቢሆን አስፈታው።"

ምክንያታቸው ሦስት ነው። የመጀመሪያው ብራቾ የተሠራው ጎማን ለመያዝ እንጂ መኪና ለመጎተት አለመሆኑ ነው። ከ2 ሺህ ኪሎ በላይ የምትመዝን መኪና በእሱ ብትጎተት ብራቾው ይጣመማል፤ ከዚያ በኋላ ጎማው ቀጥ ብሎ አይሄድም። ሁለተኛው የገመዱ ጉዳይ ነው። ናይለን ሲሳብ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። ሲበጠስ ወይም የታሰረበት ብረት ሲነቀል ያጠራቀመውን ጉልበት ይዞ ይመለሳል፤ በመንገዱ ላይ የቆመውን ሰው አይምርም።

ሦስተኛው የዚህ ዘመን መኪና ጣጣ ነው። የነዳጅ መኪና ፎሌ ሲደረግ ሞተሩ ከጎማው ይለያያል። በአብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ግን ሞተሩና ጎማው ሁልጊዜ የተያያዙ ናቸው። ጎማው ሲዞር ሞተሩም አብሮ ይዞራል፣ ሲዞርም እንደ ጄኔሬተር ኃይል ያመነጫል። መኪናዋ ጠፍታ እያለ ይህ ኃይል የሚቆጣጠረው አያገኝም። ሞተሩንና የኃይል መቆጣጠሪያውን ሊያቃጥል ይችላል። አምራቾች በመመሪያቸው አራቱም ጎማ ከመሬት ተነሥቶ ትጫን የሚሉት ለዚህ ነው።

ገመዱ ተፈታ። ከዚያ ሰውየው የጠየቁት ጥያቄ ወጣቱን ግራ አጋባው፦ "መጎተቻ ቀለበቱ የት አለ?"

"የምን ቀለበት ጋሼ?"

መኪናዋን አሥራ አንድ ወር ነድቷታል። የዕቃ መጫኛውን ወለል ግን አንድም ቀን አንሥቶ አያውቅም። አብሯት የመጣው መመሪያ በቻይንኛ የተጻፈ ነው። ወለሉን ሲያነሡት ከክሪኩ ጎን፣ በስፖንጅ ውስጥ፣ የክንድ ርዝመት የማይሞላ ጥርስ ያለው ብረት ተቀምጧል፤ ጫፉ ቀለበት ነው። ከፊት ባምፐሩ ላይ ደግሞ የመዳፍ ያህል እንኳ የማትሰፋ የፕላስቲክ ክዳን አለች። አንዱን ጠርዟን ሲጫኗት ብቅ አለች፤ ከኋላዋ የብሎን ጉድጓድ ታየ።

ቀለበቱን መግጠም ቀላል ይመስላል፤ ስህተት የሚሠራውም እዚሁ ላይ ነው። በእጅ ተጀምሮ እስከ መጨረሻው መግባት አለበት፤ ከዚያ የጎማ መፍቻውን እጀታ በቀለበቱ ውስጥ አሾልኮ ማጥበቅ ነው። ግማሽ ድረስ ብቻ ከገባ ጥርሱ ሸክሙን ስለማይችል ይጣመማል ወይም ተነቅሎ ይወጣል። በብዙ የቮልስዋገን ሞዴሎች ደግሞ ጥርሱ ወደ ግራ ነው የሚጠብቀው፤ ይህን የማያውቅ ሰው እያጠበቀ መስሎት ያላላዋል።

የሞተችው ትልቁ ባትሪ አልነበረም። እንደ ድሮዎቹ መኪናዎች ሁሉ በኤሌክትሪክ መኪናም ውስጥ ስክሪኑን፣ የበሩን ቁልፍና የእጅ ፍሬኑን የሚያንቀሳቅስ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አለ። እሱ ሲያልቅ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆን እንኳ መኪናዋ አትነሣም። የሰውየው የጭነት መኪና 24 ቮልት ስለሆነ በቀጥታ አይያያዝም፤ ለዚህ ብለው የሚይዙት ሌላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው። እሱን ሲያገናኙት ስክሪኑ በራ፣ የእጅ ፍሬኑ ለቀቀ፣ ማርሹ ፎሌ ገባ። የዊንቹ ገመድ ከቀለበቱ ጋር ተያይዞ በቀጥታ፣ ቀስ ብሎ መኪናዋን ወደ ጭነቱ ወለል ሳባት።

ወጣቱ በቃ ሄድን ብሎ ገቢና ሊገባ ሲል ሰውየው ሳቁ። "ቀለበቱ ለመሳብ ነው እንጂ ለማሰር አይደለም" አሉት። ከዚያ አራት ሰፋፊ የጨርቅ ቀበቶ አውጥተው በአራቱም ጎማ ላይ አሳልፈው ከወለሉ ጋር አጠበቁ፤ የፊቶቹን ወደ ፊት፣ የኋላዎቹን ወደ ኋላ። በጎማው የሚታሰረው ያለ ምክንያት አይደለም። መኪና ከአካሏ ከታሰረች ጉድጓድ በተመታ ቁጥር በሞላዋ ላይ ትነጥራለች፤ ወደ ታች ስትወርድ ቀበቶው ይላላል፣ ስትነሣ ይመነጭቃል። ጎማዋ ከታሰረ ግን አካሏ እንደፈለገ ይወዛወዝ፤ ማሰሪያው አይላላም።

የአውሮፓ የጭነት ማሰሪያ ደረጃ በመንገድ ላይ የሚሄድ ጭነት ወደ ፊት የክብደቱን 80 በመቶ፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ 50 በመቶ የሚያህል ግፊት መቋቋም እንዲችል ሆኖ እንዲታሰር ይጠይቃል። ለ2 ሺህ ኪሎ መኪና፣ ሹፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ወደ ፊት የሚመጣው 1,600 ኪሎ ነው ማለት ነው። ይህን በአንድ ቀለበትና በእጅ ፍሬን ይዞ መንዳት ከፊት ላለው መንገደኛ መጸለይ ነው።

ጥቂት እንደሄዱ ሰውየው ዳር ይዘው ወረዱና አራቱንም ቀበቶ በእጃቸው ነካኩ። ሁለቱ ላልተዋል፤ እንደገና አጠበቋቸው። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" አሉ፣ ለራሳቸው ይሁን ለወጣቱ ሳይታወቅ።

ተረቱ የሚነካው አንድ ወጣትን ብቻ አይደለም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ሲከለክል የሚያሳምን ምክንያት ነበረው። ነዳጅ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ግን በአብዛኛው የሚመነጨው ከራሳችን ወንዞች ነው። መኪናዎቹም መጡ። ስትቆም እንዴት እንደምትነሣ የሚያስተምረው ዕውቀት ግን አብሮ አልተጫነም።

የውድድር መኪናዎችን ዓለም ማየት እዚህ ላይ ይጠቅማል። የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን፣ የፊያ ደንብ ተወዳዳሪ መኪና ከፊትም ከኋላም መጎተቻ ቀለበት እንዲኖራት፣ ቀለበቱም በግልጽ እንዲታይና ቢጫ፣ ቀይ ወይም ብርቱካን ቀለም እንዲቀባ ያዛል። መኪናዋ አሸዋ ውስጥ ስትገባ ሊያወጧት የሚሮጡት ሠራተኞች ከሥር ተኝተው ብረት መፈለግ የለባቸውም፤ ሌሎች መኪናዎች በፍጥነት እየመጡ ነው። በትርፍ ጊዜያቸው የሚወዳደሩ ብዙ ሰዎችም መኪናቸውን በተጎታች ጭነው የሚመጡት እንደምትበላሽ አስበው ነው። እዚያ መበላሸት አሳፋሪ ነገር አይደለም፤ ሳይዘጋጁ መበላሸት ነው የሚያሳፍረው።

አንዳንዱ "ባለ ጠፍጣፋው ጎታች ውድ ነው፣ ገመድ ግን ነፃ ነው" ይላል። እውነቱን ነው፤ በእኩለ ሌሊት መንገድ ላይ ለቆመ ሰው የክፍያው ነገር ቀልድ አይደለም። ለዚህም ነው ጉዳዩ ለግለሰቡ ኪስ ብቻ መተው የሌለበት። መድን ሰጪዎች የማንሣት አገልግሎቱን በውላቸው ውስጥ ሊያካትቱት ይችላሉ። አስመጪው መኪና ሲያስረክብ ቀለበቱ መኖሩን አሳይቶ፣ አንድ ገጽ የአማርኛ መመሪያ ቢጨምርበት አይከስርም። የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛውም ፎሌ አድርጎ መጎተትን ሲያስተምር፣ ይህ የማይሠራበት መኪና መኖሩን ቢናገር ጥሩ ነው።

የወጣቱ መኪና በማግሥቱ አዲስ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ገብቶላት ሥራ ጀመረች። ሞተሯም ብራቾዋም ደህና ናቸው። ከሰዓት በኋላ ቻርጅ ለማድረግ ወረፋ ይዞ ሳለ ለአራት ባልደረቦቹ ክዳኗ የት እንዳለችና ቀለበቱ የት እንደሚቀመጥ አሳያቸው። ሁሉም የየራሳቸውን ወለል አነሡ። ሦስቱ አገኙት።

የአራተኛው ስፖንጅ ላይ የቀለበቱ ቅርጽ ብቻ ነበር፤ ቦታው ባዶ ነው። ያገለገለች መኪና ነች፤ መቼ እንደወጣ የሚያውቅ የለም። ልጁ ወለሉን መልሶ ከደነና ስልኩን አወጣ። ቀለበት ከየት እንደሚገዛ መጠየቅ ጀመረ።