ስለ ቍስልና ስለ ምስክርነት

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» የሚለው የአባቶቻችን ተረት እውነት መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን በአስታማሚነት ሥራ ሳገለግል ያስተዋልሁት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የተወጋው ሰው ባይረሳ እንኳ ሥጋው የሚረሳ መሆኑ ነው። ሰንበሩ በጥቂት ቀን ይጠፋል፤ ጭረቱ ይሽራል፤ ልብሱም ይታጠባል። እኛ ቍስሉን ባዳንን ቍጥር በዳዩን የሚያጋልጠውን ምስክር አብረን እናጠፋለን። ስለዚህ በተጠቃ ሰው ፊት የምትቀመጥ አስታማሚ፣ ዛሬ ነርስ የምንላት፣ ከፋሻው ጋራ ብዕርም መያዝ ይገባታል።

ይህን አሳብ በልቤ ያጸናው በጋምቤላ ክልል፣ በኢታንግ ልዩ ወረዳ የሚገኘው የትየርኪዲ የስደተኞች ሰፈር ነው። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ ብዙ የኑዌር ሰዎች ድንበር ተሻግረው ገቡ፤ ሰፈሩም በዚያው ዓመት ተከፈተ። ከመጡት አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ግፍ የደረሰባቸው አንዳንዶቹ በስደት መንገድ ላይ፣ አንዳንዶቹም ከገቡ በኋላ ማገዶ ለመልቀም ከሰፈር በወጡበት ጊዜ ነው። የአንዲቱን ታሪክ እንኳ በዚህ አልጽፍም፤ ታሪኩ የራስዋ ገንዘብ ነውና። የምጽፈው ስለ ሥራው ብቻ ነው።

አስቀድሞ በር ይዘጋል። «ማሌ» ተብሎ በኑዌር ቋንቋ ሰላምታ ይሰጣል። አስተርጓሚ ባስፈለገ ጊዜ ሴት ትፈለጋለች፤ ጎረቤት ወይም ዘመድ ግን አይሆንም፤ የገዛ ልጅዋን ማስተርጐምማ በቍስል ላይ ቍስል መጨመር ነው። የሚደረገው ሁሉ ሳይደረግ በፊት ይነገራታል፤ እሺ ያለችው ይፈጸማል፤ እንቢ ያለችው ይቀራል። ፈቃድዋን በግፍ ለተነጠቀች ሴት ፈቃድዋ መመለስ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ጊዜው አጭር ነው። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ 28 ቀን ይወሰዳል። እርግዝናን የሚከላከለው እስከ 120 ሰዓት ድረስ ይሰጣል። ሁለቱም በቶሎ ሲጀመሩ ይበልጥ ይሠራሉ።

ጽሕፈቱም ሥርዓት አለው። ቃልዋ እንደ ተናገረችው ይጻፋል እንጂ ሰሚው እንደ ገመተው አይጻፍም። እያንዳንዱ ሰንበር ተለክቶ ቦታው በሰው አካል ሥዕል ላይ ይመለከታል። ልብስዋ በላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ከረጢት ይቀመጣል፤ በላስቲክ ውስጥ እርጥበቱ ማስረጃውን ያበላሸዋልና። ቍስል ያልተገኘ እንደ ሆነ «ቍስል አልታየም» ይባላል እንጂ «ግፍ አልደረሰባትም» አይባልም፤ ሰው በፍርሃት ደንዝዞ ሳይታገል ሊጠቃ ይችላልና። ስለ ድንግልና የሚደረገውንም ምርመራ የዓለም የጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ክፍሎች በ2011 ዓ.ም. እንዲቀር ጠይቀዋል፤ ሴቲቱን ከማሳቀቅ በቀር የሚያረጋግጠው ነገር የለውምና።

አንድ ወዳጄ «በዳዩ ከድንበር ማዶ ነው፤ ዳኛውም ሩቅ ነው፤ ታዲያ ይህ ሁሉ ወረቀት ለማን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 620 አስገድዶ የደፈረውን ሰው ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል፤ ነገር ግን ማስረጃ ከሌለ የሕግ እጅ አጭር ነው። ከእነዚህም ወረቀቶች ብዙዎቹ ችሎት ሳያዩ ይቀሩ ይሆናል። ሆኖም ሴቲቱ ዛሬ ዝምታን መርጣ ከዓመታት በኋላ መናገር ብትፈቅድ፣ ሥጋዋ የረሳውን ወረቀቱ ይዞ ይጠብቃታል። ለዘለዓለም ባትፈቅድ እንኳ፣ አንድ ሰው አጠገብዋ ተቀምጦ የደረሰባትን በጥንቃቄ ሲጽፍ ማየትዋ ጕዳትዋ ከቍጥር የሚገባ መሆኑን ይነግራታል። ርኅራኄና ጥንቃቄ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይመስላሉ፤ በዚያች ጠረጴዛ ላይ ግን አንድ ናቸው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ጕዳይ የአስታማሚ ብቻ አይደለም። እንዲህ ያለውን ነገር አስቀድሞ የሚሰማው ብዙ ጊዜ ሐኪም ሳይሆን የነፍስ አባት፣ ሽማግሌ ወይም መምህር ነው። እርቅና ካሣ የራሳቸው ጊዜ አላቸው፤ ሰባ ሁለቱ ሰዓት ግን ሽማግሌዎች ተቀምጠው እስኪጨርሱ ድረስ አይጠብቅም። ስለዚህ «ለምን በዚያ ሄድሽ? ለምን አልጮኽሽም?» ከማለት ይልቅ፣ ፈቃድዋን ጠይቆ፣ ምሥጢርዋን ጠብቆ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ቤት ማድረስ ይገባል። መመርመር የዳኛ ነው፤ አስቀድሞ የሰማ ሰው ፋንታ ግን ማመንና ሳይዘገይ አብሮ መሄድ ነው።