የአሰብ ባሕር በአጣዬ

ከአዲስ አበባ ወደ አጣዬ የሚወስደውን መንገድ ልጆቻችን የደሴ መንገድ ይሉታል። ለእኛ ዕድሜ ሰው ግን የአሰብ መንገድ ነው። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት እስኪነሳ ድረስ የወደቡ ከባድ መኪኖች ሸዋ ሮቢትን፣ ሰንበቴንና አጣዬን አልፈው፣ ከኮምቦልቻ በባቲ አድርገው ወደ ቀይ ባሕር ይወርዱ ነበር።

አጣዬ ያለው የአክስቴ ቤት ግድግዳ ላይ ባሕር የተሰቀለውም በዚሁ መንገድ ሰበብ ነው። ባለቤታቸው የኤንትሬ ሾፌር ነበሩ። በ1966 ዓ.ም. አሰብ ላይ የጭነት ተራ ሲጠብቁ፣ አንድ ቀን ከጓደኞቻቸው ጋር ወደ ዳርቻው ወርደው፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ውኃው ውስጥ እንደቆሙ ፎቶ ተነሱ። እኛ ልጆች ባሕርን መጀመሪያ ያየነው በዚያ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። ሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል የአክስቴም ቤት ነደደ። ቤተሰቡ ተረፈ፤ አልበሙና ግድግዳው ላይ የነበረው ሁሉ ግን አመድ ሆነ።

ደግነቱ ፊልሙ የታጠበው አዲስ አበባ ነበር። ፎቶ ቤት የወሰደችው እናቴ ስለሆነች ኔጋቲቩ እሷ ዘንድ፣ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከክርና ከቁልፍ ጋር ቀርቷል። ለማያውቁት ልጆች፦ ኔጋቲቭ ማለት ብርሃኑ ጠቁሮ፣ ጥላው ነጥቶ የሚታይበት ፊልም ነው። ካልተቧጨረና እርጥበት ካላገኘው ከሃምሳ ዓመት በኋላም አዲስ ፎቶ ይወጣዋል፤ ጥቁርና ነጩማ ከባለ ቀለሙ ይበልጥ ዕድሜ አለው። ፎቶውን አልበም ውስጥ አስገብቶ ኔጋቲቩን የጣለ ስንት ቤተሰብ አለ!

ፎቶውን አሳትመን በግንቦት 2014 ዓ.ም. አንድ እሑድ ከሴት ልጄ ጋር ገና ሳይነጋ ተነሳን። ጣርማበር ላይ፣ ጣሊያን የሠራው ዋሻ አፍ ጭጋግ ነበር፤ ጋቢ ያስፈልጋል። ከደብረ ሲና በታች ቁልቁለቱን ስንጨርስ ጋቢው ቀርቶ ሹራብም ከበደን። ልጄ የአያቷን የፊልም ካሜራ ይዛለች። ሙቀት የፊልም ቀለም ስለሚያበላሽ ካሜራውን ከመስታወቱ ሥር አንስታ በነጠላ ጠቅልላ ከወንበር ሥር አኖረችው። የቆላው ፀሐይ ግን ለማንሳት አያስቸግርም፦ በ100 ፊልም ቀዳዳውን 16፣ ፍጥነቱን 125 ላይ ማድረግ ይበቃል። ችግሩ የፊት ጥላ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ዓይን ጉድጓድ ይመስላል። ስለዚህ ሰው ከዛፍ ወይም ከበረንዳ ሥር ይነሳ።

እሑድ የሰንበቴ ገበያ ነው። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አማራው የሚገበያይበት ስለሆነ ልጄ ፊልሙን እዚያው ልትጨርሰው ነበር። 36 ብቻ መሆኑ በጀ፤ በስልክ ቢሆን ሳትጠይቅ ታነሳ ነበር። አሁን አስፈቅዳ፣ ስም ጠይቃ፣ አንዳንዴም ተከልክላ ዘጠኝ አነሳች።

አጣዬ ስንደርስ አክስቴ ከአዲሱ ቆርቆሮ ቤት በር ላይ ተቀበሉን። ፎቶውን ስሰጣቸው ፊታቸውን አላዩም፤ ሸሚዙን ነው ያዩት።

«ይቺን እኔ ነኝ የሰፋሁለት። ኪሷ ጠማማ ነበረች፣ አየሽ?» አሏት ለልጄ።

እውነትም ጠማማ ነበረች። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ልጄ፣ ሦስት አሳትምልኝ» አሉ። «አንዱ እዚህ ይሁን፣ አንዱ ደሴ ልጄ ጋ፣ አንዱ እናንተው ጋ። ያቺን ቆርቆሮ ደግሞ እናትህ እንዳትጥላት።»