ያሳለፍኩት ልጅ

ባለፈው ሰሞን የልጄን ደብተር ሳገላብጥ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈ የመምህር አስተያየት አየሁ። አንዲት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ናት፤ ሦስት ስህተት አለባት። ይባስ ብሎ ልጄ በትክክል የጻፈችውን ቃል ሰርዞ በተሳሳተ ተክቶታል። ደሜ ፈላ። በማግስቱ ሥራዬን ትቼ ትምህርት ቤቷ ሄድኩ።

መምህሩ ገና ከሩቅ ሳቀልኝ። ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ።

«ቲቸር! አላወቁኝም እንዴ? ዘጠነኛ ክፍል አስተምረውኛል እኮ!»

ያስደነገጠኝ «አስተምረውኛል» ያለው ነገር ነው። በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነበርኩ፤ ትምህርት በሳተላይት በፕላዝማ መምጣት የጀመረ ጊዜ። ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸው ትምህርት በእንግሊዝኛ ይንቆረቆራል፤ እኔ ዳር ቆሜ አያለሁ። አስተማሪዋ ጥያቄ ትጠይቅና ጥቂት ሰከንድ ጠብቃ መልሱን ራሷ ትናገራለች። ሰባ ልጅ አፉን ከፍቶ ያያታል። አንዱ እጁን ቢያወጣስ ማን ያየዋል? ቆይ አልገባንም ብለህ አታስቆማት። እንዲያውም መብራት ሲጠፋ ደስ ይለኝ ነበር፤ ቢያንስ በአማርኛ እናወራለን።

ይሄ ልጅ የኋላ ወንበር ላይ ነበር የሚቀመጠው። በዓመቱ መጨረሻ በእንግሊዝኛ 31 አመጣ። ርዕሰ መምህሩ «ደጋሚ በዝቷል፣ እስቲ እንደገና እዩት» ብለው ሮስተሩን መለሱልኝ። አየሁት። 31ዱን 50 አደረግኩት፤ የሌሎች አሥራ አንድ ልጆችንም እንዲሁ። እጄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ያዘንኩላቸው መስሎኝ ነበር።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤት ጥር 2015 ላይ ሲነገር ከሁሉም በላይ የጮህኩት እኔ ነኝ። ተማሪዎቹ ኩረጃን ለማስቀረት ሲባል ዩኒቨርሲቲ ገብተው ተፈተኑ፤ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ሚኒስቴሩንም፣ መምህሩንም፣ ወላጁንም፣ «ስልክ ላይ የተጣደውን ትውልድ»ም አንድ በአንድ ወቀስኩ። የ2017ቱ 8.4 በመቶ ሲሆንም «ይሄም ውጤት ነው?» ብዬ አሾፍኩ። ሮስተሩ ትዝም አላለኝ።

«አሥረኛ ላይ መሰናዶ የሚያስገባ ውጤት አልመጣልኝም፤ መምህራን ኮሌጅ ገባሁ» አለኝ ልጁ። ልጁ እላለሁ እንጂ ፀጉሩ ሸብቷል። «የእርስዎን እንግሊዝኛ ግን ታግዬ 50 አምጥቻለሁ። እስካሁን ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ፤ ያልለፋ አያልፍም እያልኩ።»

ደብተሩን ወደ ኋላዬ ደበቅኩት።

«ምነው በሰላም መጡ?»

«እንዲያው… ልጄ እንዴት ናት ልል ነው።»

«ጎበዝ ናት!»

ቅዳሜ ቡና ልንጠጣ ተቀጣጥረናል። ደብተሩን ይዤ ልሂድ ወይስ እቤት ልተወው፣ እስካሁን አልወሰንኩም።