ከአባቴ ኋላ፣ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ

ባለፈው ወር ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ጋር ከቢሾፍቱ ወደ ሞጆ በብስክሌት ሄድን። አስፓልቱን ትተን የድሮውን የባቡር ሀዲድ ዳር ዳር ይዘን ነበር። ታውቁታላችሁ፤ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው፣ 784 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ሀዲድ ነው። ዛሬ በዚህ በኩል ባቡር አያልፍበትም። ባቡር ዳገት ስለማይወድ መሐንዲሶቹ መስመሩን ቀስ እያለ እንዲወጣ አድርገው ነው የዘረጉት። እንደ እኔ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ለሚውል ሰው ከዚህ የተሻለ የብስክሌት መንገድ አይገኝም።

ማታ ፍኖተ ሰላም ላሉት አባቴ ደውዬ ስነግራቸው ሳቁ። «የእኛ ባቡር ሳይመጣ ነው የቀረው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በ2003 ዓ.ም. በተጀመረው የአምስት ዓመት ዕቅድ ውስጥ ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በባሕር ዳርና በወልድያ የሚያልፍ መስመር ነበረበት። ከወረቀት አልወረደም። ያለን አስፓልቱ ነው፤ ዛሬ የማወጋችሁም በዚያ አስፓልት ላይ ከአባቴ ጋር ስላደረግነው ጉዞ ነው።

ጥር 2012 ነበር። የሄድኩት ለጥምቀት ብቻ አልነበረም። እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ አባቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ስኳር አለባቸው፤ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ናቸው። እኔና ወንድሜ ቤቱን ሸጠው አዲስ አበባ እንዲገቡ ተማከርንና የማሳመኑ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። «ማርኬቲንግ አይደል ሥራሽ፣ አንቺ ታውቂበታለሽ» ተባልኩ። (ለሳሙና የሚሠራው ዘዴ ለአባት እንደማይሠራ ማን ይንገረው!)

ነገሩን ባነሣሁ ቁጥር አባቴ ብድግ ብለው ወደ ጓሮ ይሄዳሉ። በሦስተኛው ቀን የድሮ ፎኒክስ ብስክሌታቸውን አውጥተው ጎማ ሲነፉ አገኘኋቸው። «ቡሬ ድረስ ከተከተልሽኝ የፈለግሽውን ታወሪኛለሽ» አሉ። ለእኔ ከሰፈሩ ብስክሌት ጠጋኝ ተከራየን። የአክስቴ ልጅ ውኃና ምሳ ይዞ በባጃጁ ከኋላ ሊከተለን ተስማማ።

መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ቡሬ ከ2,000 ታልፋለች። በመኪና አይታወቃችሁም፤ በብስክሌት ግን ጉልበታችሁ ይቆጥረዋል። በቆሎው ተሰብስቦ አገዳው ብቻ ቆሟል። በየደጁ የተሰጣው በርበሬ ገና ሳንደርስበት ያስነጥሳል። አይሱዙ ከኋላችን ጥሩምባውን ባሰማ ቁጥር አባቴ ዞር ሳይሉ «ጠርዙን ያዢ!» ይላሉ። ልጆች «ሴቷ ትነዳለች!» እያሉ ከጎኔ ይሮጣሉ።

ማንኩሳ ላይ ወረድን። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበባችሁ ስሟን አትረሱትም፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በዛብህን ያስወለዱባት ናት። አማርኛ ያስተማሩ ሰው ደግሞ እዚህ ሻይ ሳይጠጡ አያልፉም። ገና ሳንቀመጥ አንድ ሽበት የጣለበት ሰው ከወንበሩ ተነሥቶ «መምህር!» አለ። ሒሳቡንም እሱ ከፈለ፤ ብንለምነውም አልሰማን።

ከማንኩሳ ወጥተን ዳገቱ ላይ አባቴ ድንገት ወረዱ። ብስክሌቱን ሊገፉ መስሎኝ ነበር። ስደርስባቸው ግን ፊታቸው በላብ ርሷል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ስኳራቸው ወርዷል። ጠዋት መድኃኒታቸውን ወስደው ቁርስ የበሉት ግን ጥቂት ጉርሻ ብቻ ኖሯል። ባጃጁ ደግሞ ማንኩሳ ላይ ነዳጅ ሊቀዳ ቀርቷል። ከረሜላ እንኳ አልያዝኩም። አንዲት ሴት ከመንገዱ ዳር ቤት አየችንና ስኳር በውኃ በጥብጣ እየሮጠች መጣች። «የኔታ ናቸው እኮ፣ ልጄን ያስተማሩ» አለች። ቀስ በቀስ ጠጡ። ስንት ደቂቃ እንደተቀመጥን አላውቅም፤ ለእኔ ግማሽ ቀን ነበር። እጃቸው መንቀጥቀጡን ሲተው ሴትየዋ እንጀራ አቀረበች።

እዚያ መደብ ላይ ተቀምጬ የተዘጋጀሁበትን ንግግር ሁሉ አሰብኩት። ይኸው፣ ብቻቸውን ቢሆኑስ ኖሮ? ልል እችል ነበር። ግን ብቻቸውን አልነበሩም። እኔ ሥራ በምውልበት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቢሆኑ ስኳሩን ማን ይበጠብጣል? የጎረቤቴን ስም እንኳ አላውቅም።

የቀረውን መንገድ በባጃጅ ጨረስነው። ቡሬ ምሳችንን በላን፤ ስንመለስ ብስክሌቶቹን ሚኒባስ ፖርቶ መጋላ ላይ አስጭነን ከጎኔ ተቀመጡ። «በይ እንግዲህ፣ አሁን አውሪኝ» አሉ።

«የስኳር መለኪያዎን የት ነው የሚያስቀምጡት?» አልኳቸው።

ቤቱ አልተሸጠም። ጎረቤት ያለች አንዲት ነርስ፣ የድሮ ተማሪያቸው፣ ማለዳ ማለዳ ትለካቸዋለች፤ ቁጥሩን በስልክ ትልክልኛለች። ኔትወርክ ሲጠፋና መንገዱ ሲዘጋ ግን ምንም አይደርሰኝም፤ እነዚህ ዓመታት ደግሞ ለዚያ አገር ቀላል አልነበሩም። በእንዲህ ያሉ ቀናት ወንድሜ ይደውልና ዝም ይላል። ምን ሊል እንደፈለገ አውቃለሁ።

ባለፈው ወር ማታ ስለ ሀዲዱ ዳር መንገድ ሁሉንም ካወራኋቸው በኋላ አባቴ ጠየቁኝ፦

«ዳገቱስ?»

«ዳገት የለውም አባባ።»

«እንግዲያማ ምኑን ነዳሽው!»