ውሃ የማይነካው የባሕር ወፍ

ትናንት ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስለ ፍሪጌት ወፍ ሳነብ አደርኩ። የባሕር ወፍ ነው፤ ላባው ግን ውሃ ስለማይችል ባሕር ላይ አያርፍም። ከበሰበሰ መነሳት ይቸግረዋላ! ስለዚህ ከውቅያኖሱ በላይ አየር ላይ ቀንም ሌሊትም ሲንሳፈፍ ይከርማል። ክንፉ ሲዘረጋ 2 ሜትር ያልፋል፤ ክብደቱ ግን የአንድ መለስተኛ ዶሮ ያህል ነው። በራሪ ዓሣ ከውሃው ብቅ ሲል በቆልማማ መንቁሩ ለቀም ያደርገዋል። ካልቀናው ደግሞ ሌላውን ወፍ አሳዶ የዋጠውን ያስተፋዋል (ይህን አመሉን አልወደድኩለትም)።

ታዲያ መቼ ይተኛል? ጋላፓጎስ ደሴቶች ላይ ተመራማሪዎች ጫጩት ያላቸው እናቶች ጭንቅላት ላይ የአንጎል ሞገድ የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ ገጠሙ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ወጣ፦ እስከ 10 ቀን ሳያርፉ ሲበርሩ በቀን የሚተኙት በአማካይ 42 ደቂቃ ብቻ ነው። እሱም ቁርጥርጥ ያለ ነው፤ ሞቃት አየር ወደ ላይ ሲያወጣቸው ሸለብ ያደርጋቸዋል፣ አንዳንዴም ግማሹ አንጎል ተኝቶ፣ ወደሚዞሩበት በኩል ያለው ዓይን ተገልጦ። ጎጆ ሲመለሱ ግን በቀን ከ12 ሰዓት በላይ ለጥ ነው።

እኔ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ 42ቷን ደቂቃ እንኳ ሳላገኝ ነጋ።