ሃያ አንድ ሰከንድ

እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ፣ ጠዋት ሥራ መግቢያ ላይ አውራ ጎዳናው ሲዘጋጋ፣ ጀርባዬ ላይ አዝዬው ብድግ የምልበት ነገር እመኛለሁ። ያልተመኘ ሹፌርም ያለ አይመስለኝም። ነገሩ ግን ተሠርቶ፣ ተበርሮበት፣ ከተተወ ቆይቷል።

ዌንዴል ሙር ናያግራ ፏፏቴ አካባቢ የነበረው የቤል ኩባንያ መሐንዲስ ነበር። የአሜሪካ ጦር፣ ወታደር ወንዝና ፈንጂ የተቀበረበትን ሜዳ ዘሎ ይሻገርበታል ብሎ፣ ለሙር «የሮኬት ቀበቶ» ገንዘብ ሰጠ። ነዳጁ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው፤ ያው ለቁስል ከፋርማሲ የምንገዛው። የኛ 3 በመቶ፣ የሱ 90 በመቶ መሆኑ ነው ልዩነቱ። ይህ ፈሳሽ ብር ሲነካ በቅጽበት ከ700 ዲግሪ በላይ የጋለ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎቱ በሰውየው ግራና ቀኝ በሁለት ቱቦ ቁልቁል ሲተፋ ሰውየው ሽቅብ ይነሣል። በዚህ ሥራ ልንገባ ነበር እንግዲህ።

ሙር ሌላ ሰው አላስቀደመም። በገመድ ታስሮ ሲለማመድ ገመዱ ተበጠሰና ወድቆ ጉልበቱን ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲያ አልበረረም። ተራው የሃሮልድ ግራሃም ሆነ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 20 ቀን 1961 ያለ ገመድ 13 ሰከንድ በረረ፤ 34 ሜትር ግድም። የራይት ወንድሞች የመጀመሪያ በረራም 12 ሰከንድ፣ 37 ሜትር ያህል ነበርና ያኔ የጓጓ ሰው አይፈረድበትም።

የራይቶቹ 12 ሰከንድ ግን ሁለት ዓመት ሳይሞላው ግማሽ ሰዓት አለፈ። የሙር 13 ሰከንድ 21 ላይ ቆሞ ቀረ። ምክንያቱ ክንፍ ነው። ክንፍ ያለው አየሩን ተደግፎ ይሄዳል፤ ቀበቶው የሰውየውንም የራሱንም ክብደት በየሰከንዱ በነዳጅ ብቻ ይሸከማል። ነዳጅ ይጨመር ቢባል ክብደት ይጨምራል፤ እሱን የሚያነሣ ደግሞ ሌላ ነዳጅ ይፈልጋል።

አደጋውም የሚመጣው ከዚሁ ነው። አውሮፕላን ሞተሩ ቢጠፋ እየተንሳፈፈ ይወርዳል፤ የሄሊኮፕተርንም አወዳደቅ የሚሽከረከረው ክንፉ በነፋሱ እየዞረ ያለዝበዋል። ቀበቶ የታጠቀው ግን ነዳጁ ካለቀ ድንጋይ ነው። ከፍታው ፓራሹት ለመዘርጋት ያንሳል፣ ወድቆ ለመትረፍ ይበዛል። ስለዚህ ሄልሜቱ ውስጥ ሰከንድ የሚቆጥር ማንቂያ አደረጉለት። ጦሩ ሒሳቡን ሠርቶ ተወው፤ ደግ አደረገ።

ለትዕይንት ከሆነ 21 ሰከንድ ይተርፋል። በ1984 የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ መክፈቻ ቢል ሱተር ስታዲየሙ ላይ ሲበር ያ ሁሉ ሕዝብ አጨበጨበ። የኛ ሯጮች አላዩትም፤ ደርግ ከሶቪየቶች ጋር አድሞ አስቀርቷቸዋል።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተሻሽሏል። ፈረንሳዊው ፍራንኪ ዛፓታ በ2019 ከፈረንሳይ እንግሊዝ ባሕሩን በ22 ደቂቃ ተሻግሯል፤ መሃል ላይ ጀልባ ላይ አርፎ ነዳጅ ቀድቶ። ከዚያ በፊት በሞከረው ጊዜ ጀልባዋን ስቶ ባሕር ገብቶ ነበር። ክንፍ ያለው የጄት ልብስ ለብሶ ዱባይ ሰማይ ላይ ይበር የነበረው ቪንስ ሬፌ በ2020 እዚያው በልምምድ ላይ ሞተ። እነዚህ እንግዲህ በሙያው አንደኛ የተባሉት ናቸው። ስልኩን እያየ የሚነዳው ሰው እላዬ ላይ ሲበር አይታየኝ።

ከቤል ቀበቶዎች አንዱ በዋሽንግተን ደለስ አየር ማረፊያ አጠገብ ባለው የስሚዝሶኒያን ሙዚየም ይገኛል። ከአዲስ አበባ ስትመጡ ጎራ በሉ። መግቢያው በነጻ ነው፤ የሚያስከፍሉት ለመኪና ማቆሚያ ነው።