አሞራውና እኔ

«ጋዜጠኛ ነበርኩ» ማለት በስደት ዓለም ማንንም አያስደንቅም። ታክሲ ከሚነዳው መሐንዲስና የሰው መኪና ከሚያቆመው የሕግ ባለሙያ ጋር ቡና ስንጠጣ የእኔም ተራ ይደርሳል፤ ከዚያ ወሬው ወደ አገር ቤት ፖለቲካ ይዞራል። በውጭ አገር የተማርኩ ሰው፣ ሳን ሆዜ ከተማ የሌሊት ጥበቃ ነኝ። ከአገሬ ከወጣሁ 15 ዓመቴ ነው።

በቅርቡ አንድ ቅዳሜ፣ ከሥራ እንደወጣሁ እንቅልፌን ትቼ የ12 ዓመት ልጄን ወደ ሞንተሬይ ባሕር ዳርቻ ወሰድኳት። ለትምህርት ቤቷ ስለ ባሕር እንስሳት ልትጽፍ ነበር። እኔ የደጋ ልጅ ነኝ፤ ባሕር ለእኔ የካርታ ቀለም ነበር። ሲ ኦተር የሚሉት ጸጉራም እንስሳ በጀርባው ተንሳፎ፣ ደረቱ ላይ ባስቀመጠው ድንጋይ ቀንድ አውጣ ሲፈረክስ አይተን ሳቅን። ለጸጉሩ ሲባል ታድኖ አለቀ ከተባለ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1938 በዚሁ ዳርቻ 50 ያህል ተርፈው ተገኙ። ዛሬ 3 ሺህ ገደማ ናቸው።

ከዚያ ወደ ደቡብ፣ ወደ ቢግ ሰር ስንነዳ ሰዎች መኪና አቁመው ሰማይ ሰማይ ያያሉ። ጠና ያሉ አንዲት አሜሪካዊት እመቤት አቅርቦ የሚያሳየውን መነጽራቸውን አዋሱን። ራሱ መላጣ፣ ክንፉ ሲዘረጋ 3 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ክንፉ ላይ ቁጥር የተለጠፈበት አሞራ ነው። አዲስ አበባ ቢሆን «የቄራ ጥንብ አንሳ» ብዬ ዞር ብዬም አላየው። ስሙ ኮንዶር ነው።

እመቤቷ ታሪኩን ነገሩን። እ.ኤ.አ. በ1982 በዓለም ላይ የቀሩት 22 ብቻ ነበሩ። አዳኞች ጥለውት የሄዱትን ሬሳ ሲበሉ በጥይቱ እርሳስ ይመረዛሉ። በ1987 በዱር የቀሩት በሙሉ ተይዘው ወደ ማራቢያ ገቡ። ጫጩቶቹ ሰውን እንዳይለምዱ፣ የአሞራ ራስ በሚመስል የእጅ አሻንጉሊት ተመገቡ። ከ1992 ጀምሮ ተለቀቁ። ግን መንገድ የሚያሳይ ታላቅ አልነበራቸውምና አንዳንዶቹ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ እያረፉ ሞቱ። በመጨረሻ የተያዘው፣ ኤሲ 9 የተባለው አሞራ፣ በ2002 ወደ ካሊፎርኒያ ተራሮች ተመለሰ። ከ15 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ልጄ፣ «አባዬ፣ መንገዱን አልረሳውም?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

አንባቢ ሆይ፣ ልናዘዝ። እስከ 2018 ድረስ በሩን የዘጋብኝ ሌላ ነበር። በዚያ ዓመት ሲከፈት ጓደኞቼ እያለቀሱ ገቡ። እኔ ግን ዛሬ ሥራ፣ ነገ የልጅ ትምህርት፣ ከነገ ወዲያ «እስኪ ነገሩ ይጥራ» እያልኩ ቆየሁ። እናቴ በስልክ «እጠብቅሃለሁ» ትለኝ ነበር። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በ2021 መርዶዋን በስልክ ሰማሁ፤ ለቅሶዋን በኪራይ አዳራሽ ተቀመጥኩ። ያለፉትን ዓመታት በመንግሥት አመካኝቻለሁ። እነዚያን ሦስት ዓመታት በማን ላመካኝ?

ልጄን ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል አስቆጥራታለሁ፤ እሑድ እጣን እያጤስን ቡና እናፈላለን። ያን ቀን ግን የአሻንጉሊቱ ነገር ገባኝ። አሻንጉሊቱ ጫጩቱን ያሳድገዋል እንጂ ተራራውን አያሳየውም።

ለገና ቲኬት ቆርጫለሁ። የእናቴን መቃብር የምታውቀው ታላቅ እህቴ ናት፤ እርሷም አርጅታለች። መንገዱን የሚያውቅ ሰው በሕይወት ሳለ ልጄ ትየው ብዬ ነው።

እናንተስ፣ የእናንተን መንገድ የሚያውቁት ስንት ቀሩ?